በአማርኛ የጭራቅ ፊልም እንዳንሠራ የያዘን ገንዘብ ነው እንዴ?

የመነሻው ጽሑፍ

ሰላም የፊልም ወዳጆች። ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቅ።

ዘረመል ሲነካኩ ከቤተ ሙከራ አውሬ የሚያመልጥባቸውን ፊልሞች እወዳለሁ። ትልልቆቹን ማለቴ አይደለም። በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ሰው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ የሚያልቁትን ነው። አካሄዳቸውን ታውቁታላችሁ። አንድ ተመራማሪ ይቸኩላል። ገንዘብ የሚሰጠው ሰውዬ ደግሞ ከእሱ ብሶ ይቸኩላል። በቅጡ ያልተሞከረ ነገር እንስሳ ላይ ይወጋል። ከዚያ አንድ ማታ መብራት ይጠፋል፤ የፍርግርጉ በር ተከፍቶ ይገኛል።

የምለው ይህን ነው። እንዲህ ዓይነት ፊልም እዚሁ አዲስ አበባ መሀል፣ በአማርኛ መሥራት እንችላለን። የያዘን ገንዘብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ቴክሳስ ውስጥ «ዘ ኪለር ሽሩስ» የሚባል ፊልም ተሠርቷል። ሰው የሚበሉት ግዙፍ አይጥ መሰል አውሬዎች ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ፀጉራም ልብስ የለበሱ ውሾች ናቸው። በዓመቱ ደግሞ ሮጀር ኮርማን ሰው ስለሚበላ ዲቃላ ተክል «ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ»ን ሠራ። ዋናው ቀረጻ ያለቀው በሁለት ቀንና በአንድ ሌሊት ነው።

ጭራቁ እኮ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። የሚታየው የሚንቀጠቀጥ በር ነው፣ ኮሪደር ነው፣ የሰው ፊት ነው። ኮሪደር ደግሞ ሞልቶናል። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያሉትን የድሮ ፎቆች ምድር ቤት አስቡ። የለገሃርን ባቡር ጣቢያ በማታ አስቡ። አራት ኪሎ ያለውን የሳይንስ ፋኩልቲ አስቡ። ታዲያ ለምንድነው ከፍቅር ኮሜዲ ሌላ እምብዛም የማናየው?

እስካሁን የተባለው

ክሩ (ከዚህ ጽሑፍ ሥር ያለው ውይይት) ረዝሟል። አሁን ለምትገቡ፣ የተሰጡትን መልሶች በራሴ አነጋገር ላስቀምጥላችሁ። የማንንም ቃል አልገለብጥም።

1ኛው ሐሳቡን ደግፎ ነው የጀመረው። ልጅነቱ ፒያሳ ነው። የሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ያይ እንደነበር ጻፈ። ፊልሙን እየተከታተለ በአማርኛ የሚተርከው ሰው ለአውሬው የሰፈር ስም ያወጣለት ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም፤ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ አብሮ ፈርሷል። አውሬው ራሱ ብዙም አላስፈራውም። የሚያስፈራው ፊልሙ አልቆ በጨለማ ወደ ቤት መሄዱ ነበር።

2ኛው ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ዝርዝር ያበዛል። የጠቀስኳቸው ሁለት ፊልሞች ስለ ዘረመል ናቸው ለማለት እንደሚከብድ አስረዳ። በ1950ዎቹ አውሬ የሚፈጥረው በአብዛኛው የአቶሚክ ጨረር ነበር፤ የ1954ቱ «ጎድዚላ» የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የአይጥ መሰሎቹም ፊልም ውስጥ ያለው ሳይንቲስት ሰውን ለማሳነስ የሚደክም ነው፤ ሰው ካነሰ ምግብ ይበቃል ብሎ። ዘረመል ቆርጦ መቀጠል የተቻለው በ1973 አካባቢ ነው። በ1975 ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲሎማር ላይ ተሰብስበው እንዴት እንጠንቀቅ ብለው ተወያዩ። ከዚያ በኋላ ፊልሞቹ ፊታቸውን ከቦምብ ወደ ቤተ ሙከራ አዞሩ። 1978 ላይ ጆ ዳንቴ ባዘጋጀው «ፒራንያ» ውስጥ ዓሦቹን ያዳቀላቸው የአሜሪካ ጦር ነው፤ ለቬትናም ወንዞች ብሎ። ይህ መልስ ለእኔ የክሩ ምሰሶ ነው። ሰው የሚፈራው ነገር ሲለወጥ ጭራቁም አብሮ ይለወጣል ማለት ነው። እኛስ አሁን የምንፈራው ምንድነው? ማንም ቀጥታ አልመለሰውም፤ ዙሪያውን ግን ብዙ ተባለ።

3ኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሌሎቹም ጋሼ እያሉ ነው የሚጽፉላቸው። በወጣትነታቸው አምባሳደርና ኢምፓየር ሲኒማ ቤቶች ያልገቡበት ሳምንት አልነበረም። ያኔ የሚታየው የህንድ ፊልም፣ ካውቦይና ካራቴ እንደነበር አስታወሱ። አስፈሪ ፊልም ሲመጣ ግን አዳራሹ ሌላ ይሆን ነበር። ከጀርባ የተቀመጠ ሰው ሲጮህ ከፊት ያለውም ይጮሃል። እንዲህ ያለ ፊልም ለብቻ በስልክ መታየት የለበትም ባይ ናቸው። በዚህ እስማማለሁ።

ጨዋታው የተበላሸው 4ኛው ላይ ነው። የፊልም መብራት ባለሙያ ነው። በግልጽ ተቆጥቷል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ጽፎ ጀመረ። ሲኒማ ቤቶች የሚፈልጉት ቤተሰብ የሚያመጣ ኮሜዲ ነው። አስፈሪ ፊልም ይዘህ ብትሄድ የሚሰጡህ ሰው የሌለበት ቀንና ሰዓት ነው። ጄኔሬተር ይከራያል፣ ነዳጅ ይገዛል። ማታ የሚቀረጽ ፊልም ከቀኑ በእጥፍ ያደክማል፤ ሠራተኛውን ቤቱ ማድረስም አለ። የፈረንጁን የሁለት ቀን ቀረጻ ያመጣ ሰው፣ ከሌላ ፊልም የተረፈ ዴኮር በነፃ እንደቆየለት መርሳት የለበትም።

5ኛው ወጣት ይመስላል። ይህ ሁሉ ሰበብ እንደሆነ፣ ስልክ ያለው ሰው ፊልም መሥራት እንደሚችል ጻፈ። ያ ባልከፋ። ግን 4ኛውን አንተ ሰነፍ ብሎ ጠራው። 6ኛዋ ገብታ ሥራ የሚያውቅን ሰው እንዲህ እንዳይናገር ገሠጸችው። እሱም ይቅርታ ጠየቀ፤ በአፉ ሙሉ አይደለም እንጂ።

ለ4ኛው ወንድሜ መልስ አለኝ። ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን የዘረዘርከው ለየትኛውም ፊልም የሚወጣ ወጪ ነው። የፍቅር ኮሜዲም ጄኔሬተር ይከራያል። ጭራቁ በዚህ ላይ የሚጨምረው ስንት ነው? ጥያቄዬ እሱ ነበር።

7ኛው የሚጣፍጥ ታሪክ ይዞ መጣ። በ1993 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ «ካርኖሰር» የተባለ የዳይኖሰር ፊልም ወጣ፤ «ጁራሲክ ፓርክ» ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት። ያቀረበው ያው ኮርማን ነው። አንዲት ተመራማሪ በዶሮ ዘረመል ዳይኖሰር ትፈለፍላለች። በጀቱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር፤ የ«ጁራሲክ ፓርክ» ደግሞ ከ60 ሚሊዮን በላይ። የሚገርመው ይህ ነው፦ የርካሹ ፊልም ተመራማሪ ሆና የተጫወተችው ዳያን ላድ ናት፤ የትልቁ ፊልም ሳይንቲስት ደግሞ ሎራ ደርን፣ የገዛ ልጇ። እናትና ልጅ በአንድ ሰሞን በሁለት የዳይኖሰር ፊልም።

8ኛው በዚህ አልተደሰተም። እንዲያውም ተቃራኒውን እንደሚያሳይ ተከራከረ። ዛሬ ሁሉም የሚያስታውሰው ትልቁን ነው። ደግሞ ለእኛ ሰፈር አንድ ሚሊዮን ዶላር ርካሽ ነው ወይ? በብር አስቡት እስቲ። በመልሱ ያለው ንዴት ትክክለኛ ነው። ኮርማን ግን በ2024 እ.ኤ.አ. በ98 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ በዚህ መንገድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞችን አቅርቧል። ጆ ዳንቴን የመሳሰሉ ዳይሬክተሮች ሥራ የለመዱት እሱ ጋ ነው። እኛ ዘንድ የጎደለው እንዲህ ያለ የልምምድ ቦታ ይመስለኛል። ወጣቱ በርካሽ ፊልም ተሳስቶ የሚማርበት።

አሁን የወደድኩት ክፍል መጣ። 9ኛዋ ቲያትር ቤት በሜካፕና በአልባሳት የሠራች ናት። ክርክሩን ወደ ጎን ትታ ስለ ለሃጭ ጻፈች። የጭራቅ ፊልም ያለ ለሃጭ አይሆንም። ውጭ አገር ለዚህ የሚጠቀሙት ሜቲልሴሉሎስ የሚባል ዱቄት ነው። እሷ የምትጠቀመው ተልባ ነው። ሳይፈጭ፣ ፍሬው እንዳለ፣ በውሃ በቀስታ ይቀቀላል። ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ሲሳብ ይወርዳል። ሳይቀዘቅዝ በነጠላ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ከቀዘቀዘ ፍሬውን አይለቅም። ትንሽ አረንጓዴ የምግብ ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ ከበር እጀታ ላይ ቢንጠለጠል ክር ሠርቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። መብራት ከጀርባው ሲመታው ያበራል። ይህን ሳነብ ፊልሙ ታየኝ።

10ኛው አብሽ ይሻላል ባይ ነው። እሷ ተመልሳ አብሽ ሲመታ አረፋ እንደሚሠራና እንደሚነጣ፣ ክር ግን እንደማይስብ አስረዳችው። ደግሞ ሽታው ከልብስ አይወጣም፤ ተዋናዩ ሳምንት ሙሉ አብሽ ይሸታል። ክርክሩ በዚህ አላበቃም። ሁለት ሰዎች ስለ ተልባ ፍትፍት ማውራት ጀመሩ። እሱን ዘልየዋለሁ።

11ኛው ድምፅ ላይ ይሠራል። አጥንት ሲሰበር ለማሰማት ሸንኮራ አገዳ ማይክ አጠገብ ይሰብራል። ሥጋ ሲቀደድ ደግሞ የራሰ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይጨምቃል። ለአውሬው ትንፋሽ የራሱን ትንፋሽ ቀርጾ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። ያነሳው ትልቅ ነጥብ ግን ሌላ ነው። ብዙ የአማርኛ ፊልም ላይ ሙዚቃው አያርፍም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘፍናል። አስፈሪ ፊልም ደግሞ ዝምታ ይፈልጋል። ተመልካቹ ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ መስማት አለበት። ሙዚቃ ካለ አይሰማም። ይህ ምንም ብር አያስወጣም። እንደገና ላንብበው ብዬ ተመልሼበታለሁ።

12ኛዋ ባዮሎጂ አስተማሪ ናት። በቅድሚያ ዳይኖሰሩን ገደለችው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በኒውዚላንድ ሞአ የተባለ የጠፋ ወፍ አጥንት ላይ ተሠርቶ፣ የዲኤንኤ ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ ተበጣጥሶ የሚያልቅበት ጊዜ) 521 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ምቹ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ከ6.8 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ምንም አይተርፍም። ዳይኖሰር ከጠፋ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ያ መንገድ ዝግ ነው። ከዚያ ቤተ ሙከራ በእውነት ምን እንደሚመስል ነገረችን። የሚፈላ አረንጓዴ ፈሳሽ የለም። ፒፔት (ፈሳሽ መጥኖ መቅጃ) አለ፣ ትንንሽ ቱቦዎች አሉ፣ ፍሪጅ አለ። ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ተመራማሪን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ፍርሃት ጭራቅ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ እንዳይቀልጥ ነው።

ይህ ስክሪፕት እኮ ነው! ፊልሞቹ ውስጥ መብራት የሚጠፋው ደራሲው ስለፈለገ ነው። እኛ ዘንድ መብራት መጥፋት ማስረዳት አያሻውም። ጥበቃው ጄኔሬተር ሊያስነሳ ይወርዳል። ነዳጅ የለም። ነዳጁ የት እንደገባ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱም አይናገርም። እዚህ ላይ የሰው ጥፋትና የአውሬው ማምለጥ አንድ ነገር ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 13ኛው እውነተኛው ዘረመል የተለወጠ ነገር ማሳችን ላይ እንዳለ ጽፎ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የተፈቀደውን ተባይ የሚቋቋም ጥጥ አነሳ። 14ኛው ቱግ አለ። ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ያለበትን ጥጥ ከጭራቅ ጋር ማነጻጸር ድንቁርና እንደሆነ፣ ሕዝቡን ከሳይንስ ያስበረገጉትም እነዚህ ፊልሞች እንደሆኑ ጻፈ። 15ኛዋ በበኩሏ ጥንቃቄው ከፊልም የመጣ አለመሆኑን አስታወሰችው። ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አፍሪካን ወክለው የተደራደሩበት የካርታሄና ፕሮቶኮል፣ ማለትም ዘረመላቸው ስለተለወጠ ሕያዋን ነገሮች ጥንቃቄ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ጸድቋል። የእኛም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 (ዓ.ም.) አለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሏል። ሁለቱ ሲሰዳደቡ የክሩ ተቆጣጣሪ አንዳንድ መልሶችን አነሳ። ትክክል አድርጓል። እኔ ከ14ኛው የምቀበለው አንድ ነገር አለ። ተመራማሪን ሁሉ እብድ የሚያደርግ ፊልም ሰነፍ ፊልም ነው። ጥሩዎቹ ጥፋቱን ለይተው ያሳያሉ፤ ማን ቸኮለ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ዝም አለ።

16ኛው ወሬውን ወደ ስድስት ኪሎ ወሰደው። አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በ1948 እ.ኤ.አ. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት 15 የግቢው አንበሶች ዘረመል ተመርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። ጎፈራቸው ጠቆር ያለ ነው፤ እስከ ደረትና ሆድ ይወርዳል። የፊልሙ አውሬ ከእነሱ የተገኘ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ አልተመቸኝም። ጥቂት የቀሩትን እንስሳት ገዳይ አድርጎ ማሳየት ደስ አይልም። የናሙና ቱቦው ከግቢው ሲሰረቅ ቢጀምር ግን ሌላ ነገር ነው።

17ኛው ከውጭ መዋስ እንደማያስፈልገን ተናገረ። ሰው ወደ ጅብ ይለወጣል የሚል እምነት በአገሩ አለ፤ ቡዳን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስገቡት፣ አለቀ። ከሁሉ የሚቀል ሐሳብ ስለሆነ ወዲያው ብዙ ደጋፊ አገኘ።

18ኛዋ ግን አስቆመችን። ቤተሰቧ ሸክላ ሠሪ ነው። ይህ እምነት በማን ላይ ሲለጠፍ እንደኖረ ጻፈችልን። በሸክላ ሠሪው፣ በቀጥቃጩ፣ በሸማኔው። አያቷ ገበያ ላይ ማሰሮዋን የሚገዙ ሰዎች ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍኑባት ነበር። ማሰሮውን ይወስዱታል፤ ዓይኗን ግን ይሸሹታል። ፊልም ሠሪ ይህን አንስቶ ሲያስፈራራበት የሚጎዳው የት እንዳለ ማሰብ አለበት። አልተሳደበችም፣ አልጮኸችም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የጻፈ አልነበረም።

እኔ በዚህ ጉዳይ መሀል ላይ መቆም አልፈልግም። እሷ ትክክል ናት። የእነዚህን ፊልሞች ትልቁን ነገርም ያወጣችው እሷ ናት። በድሮው እምነት ጭራቁ ደሃው ጎረቤት ነው። በዘረመል ፊልም ውስጥ ጭራቁን የሠራው ቁልፍ ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ፊርማ ያለው ሰው ነው። ጣታችን የሚያመለክተው ወደ ላይ ነው። ይህን ዘውግ የምወደው ለዚህ ነው፤ በአማርኛ እንዲሠራ የምፈልገውም ለዚህ ነው። 17ኛው በኋላ ሐሳቡን እንዳነሳ ጽፏል፤ አከብረዋለሁ።

19ኛው በትሕትና ነው የገባው። አስፈሪ ፊልም መንፈስን እንደሚያውክ፣ ልጆቹ እንዲያዩ እንደማይፈቅድ ገለጸ። ለልጆች አለመሆኑ ላይ ሁላችንም ተስማማን። 20ኛዋ በሰው እጅ የተሠራ አውሬ ከመንፈስ ጋር እንደማይገናኝ ልታስረዳው ሞከረች። አልተግባቡም፣ አልተጣሉምም።

21ኛው ያልጠበቅነው ሰው ሆነ። 4ኛው ነው፤ መብራት የሚሠራው። ንዴቱ በርዷል። የተልባውን ነገር አንብቦ ከጀርባ የሚመታ አንድ ትንሽ መብራት እንደሚበቃ፣ ኮሪደሩ ጨለማ ከሆነ ዕቃው እንደሚቀንስ ጻፈ። አምስት ደቂቃ የማይሞላ አጭር ፊልም ከሆነ ማታ ማታ እንደሚመጣ ቃል ገባ። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የእራትና የመመለሻ ትራንስፖርት ነገር በቅድሚያ ይነገር። ተገቢ ነው።

22ኛው ለገሃር አካባቢ ዘመዱ የሚያስተዳድረው ፎቅ እንዳለ፣ ምድር ቤቱን ለመጠየቅ እንደሚሞክር ነገረን። 23ኛዋ፣ ማለትም አስተማሪዋ፣ ስክሪፕቱ ላይ የሳይንስ ስህተት እንዳይገባ ታነባለች። ጋሼም ተመልሰው ተዋናይ ካጣችሁ ጥበቃውን እኔ እጫወታለሁ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጋሼ፣ ቦታው የእርስዎ ነው።

ስክሪፕቱን እኔ ጀምሬዋለሁ። አውሬው ገና ምን እንደሆነ አልወሰንኩም። መጠኑ ግን ከውሻ አይበልጥም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአጭር ሰዓት ይታያል። የጎደለን ስፖንጅ ቆርጦ ገላ የሚሠራልን ሰው ነው። ሶፋ ቤት የሠራችሁ ወይም እንዲህ ያለ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ሥር ጻፉ።